በጥር የታዩት አሥራ አንድ የመስቀል ወፎች

የጋሼ ይርዳውን ማረፍ የሰማሁት በስልክ ነው። በሌላ መንገድ ብሰማው ኖሮ እሳቸውም ቅር ይላቸው ነበር። የቡሬዋ ስልከኛ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ደወለችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ጋሼ ይርዳው ትናንት ከሰዓት በኋላ በእህታቸው ቤት ደጃፍ ፀሐይ እየሞቁ ሳሉ ማረፋቸውን ነገረችኝ። ድምፅዋ ጥርት ብሎ ነው የመጣው። ያም ሆኖ ድገሚልኝ አልኳት። ሳልሰማት ቀርቼ አይደለም፤ እሳቸው ያስለመዱኝ ነገር ሆኖብኝ ነው። በሽቦ የመጣ ወሬ ካልተደገመ ወሬ አይባልም ይሉ ነበር። ልጅቷ ደገመችልኝ። እኔም ቃል በቃል መልሼ ነገርኳትና ማዳመጫውን ሰቀልኩት።

ወሩ መስከረም ነበር። ከመስኮቱ ውጪ፣ በስልክ ቤቱ ግቢ ባለው ረጅም ሣር ላይ የመስቀል ወፎች ይወርዱ ይነሡ ነበር፤ ቀይና ጥቁር፣ ዓይን የሚሞሉ። ቁጭ ብዬ አየኋቸው። ስልኩ ደግሞ ደጋግሞ ሲጮኽ እየሰማሁ አላነሣሁም። በዚያ ሁሉ የአገልግሎት ዘመኔ ደወል ሰምቼ ዝም ያልኩት ያን ቀን ብቻ ይመስለኛል።

ጋሼ ይርዳውን ያወቅኋቸው ጣሊያን ከመግባቱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በመቱ ስልክ ቤት ሁለተኛ ስልከኛ ሆኜ ስቀጠር ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ማንበብና መጻፍ ስለምችል ራሴን እንደ ትልቅ ሰው እቆጥር ነበር። እሳቸው ዋናው ስልከኛ ናቸው። ግዙፍ ሰው፣ ሆዳቸው ቀድሟቸው በር የሚገባ፣ ጢማቸው ደረታቸው ላይ የተኛ፣ ክረምት ከበጋ ከላያቸው የማይወርድ ጥቁር ካባ የሚለብሱ። በመቱ ገበያ መካከል ሲያልፉ ከሩቅ ይታወቃሉ። አባታቸው ከመንዝ ከዘመቻ ጋር መጥተው እዚሁ የቀሩ ሲሆኑ፣ እሳቸው ግን ኦሮምኛውንም አማርኛውንም እኩል ነበር የሚናገሩት፤ ነገሩን በአንዱ ጀምረው በሌላው ይጨርሱታል።

ስልክ ሲያነጋግሩ ብድግ ይላሉ። ማዶ ያለው ትልቅ ሹምም ይሁን እንደኛው ያለ ስልከኛ፣ ቁጭ ብለው አያናግሩም። አንድ ቀን፣ ጋሼ ማን ያይዎታል ብለው ነው የሚነሡት ብዬ አሾፍኩባቸው። እኔም እኮ አላየውም፣ ግን አለ አይደል እንዴ ብለው መልሰው ሳቁብኝ።

የመጀመሪያው የሥራ ቀኔ አይረሳኝም። እግሬ ደጃፉን እንደረገጠ፣ እንዴት አደርክ ሳይሉኝ ምን ወፍ አይተህ መጣህ አሉኝ። ሰውዬው ጤና የላቸውም ብዬ አሰብኩ። ዛሬ ወፍ የለም ብዬ መለስኩላቸው። ካባቸውን ሰብሰብ አድርገው ተነሡና ክንዴን ይዘው ወደ ግቢው አወጡኝ። ቁም አሉኝ፤ ቆምኩ። መጀመሪያ ምንም አልነበረም፤ ጉም፣ የረጠበ ዋንዛ፣ አጥር። ቆይቶ ከዋንዛው ቅጠል ውስጥ አንድ ነገር ተነቃነቀ። ከዚያ ሽቦው ላይ ሁለት። ከአጥሩ ሥር ደግሞ ሦስት፣ አፈር የሚመስሉ፣ ካልተንቀሳቀሱ የማይታወቁ። አንድ ቁራ በላያችን አለፈ። ሰባት ስደርስ ጋሼ ይርዳው፣

«ያላየኸውን የለም አትበል፤ አላየሁም በል። ወፉ አንተ ስላላየኸው መኖሩን አይተውም» አሉኝ።

ነገሩ ጨዋታ ሳይሆን ሥራ መሆኑ የገባኝ በማግስቱ ነው። ስልኩ በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ይፈተናል። ጎሬ፣ ቡሬና ያዮ ያሉት ስልከኞች ተራ በተራ እጀታውን አዙረው ይጠሩናል። የዚያን ጊዜ ሽቦ በጫካ ውስጥ ከዛፍ ዛፍ የተንጠለጠለ ነው፤ ጉሬዛ ይዘልበታል፣ ዝናብ ይወርድበታል፣ ቅርንጫፍ ይወድቅበታል። ትሰማኛለህ ወይ ተብሎ የተጠየቀ ሰው ደግሞ ግማሹን ባይሰማም አዎ ይላል፤ ይሉኝታ ይይዘዋል። ጋሼ ይርዳው ለዚህ መላ አበጁ። እያንዳንዱ ስልከኛ ወደ ሥራ ሲመጣ በመንገዱ ያየውን ወፍ፣ ከነቦታውና ከነቁጥሩ ይናገራል። ማዶ ያለው ቃል በቃል ይደግማል። ማንም ገምቶ ሊያገኘው የማይችል ወሬ ስለሆነ፣ በትክክል ከተደገመ ሽቦው ጤነኛ ነው። ካልተደገመ ሽቦ ጠጋኙ ወደ ጫካ ይላካል።

በዚህ ሰበብ አራት ስልክ ቤቶች አምስት ወፍ ተመልካች አፈሩ። የጎሬው ተድላ ዓይኑ ደከም ያለ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበር፣ የሚያየውም ትልልቁን ብቻ ነው፤ አሞራ፣ ጭልፊት፣ እርኩም። የቡሬው ሙሐመድኑር የቡና ነጋዴ ልጅ፣ ተረበኛ፣ ሁሉን ነገር ከሌሎቻችን ቀድሞ ማወቅ የሚወድ ነው። ከቡሬ ወደ ባሮ ሜዳ ቁልቁል ስለሚታየው፣ ሽመላ በመንጋ ሲያልፍ መጀመሪያ የሚናገረው እሱ ነው። የያዮው ገለታ ወፍን ሲምቢሮ እያለ ነበር የሚጠራት፤ ጋሼ ይርዳውም ከእሱ ጋር ሲሆኑ ሲምቢሮ ይላሉ። የማር ወፍ እየጠራች ከመንገድ አስወጥታ እስከ ንብ ቤቷ ስለወሰደችው አርፍዶ የገባ ቀን፣ ጋሼ ይርዳው በኃይለኛ ቁጣ ጀምረው ነበር። የት ቦታ መሆኑን ሲነግራቸው ግን ቁጣውን ረስተው ሰማያዊውን ደብተራቸውን ከፈቱ። የአራቱም ስልክ ቤቶች ወሬ የሚጻፈው በዚያ ደብተር ላይ ነው፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ቁጥር።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሁላችንም ሌላ ሰው እንሆናለን። ጳጉሜ ከመግባቷ የመጀመሪያውን የመስቀል ወፍ ማን ያያል የሚል ፉክክር ይጀመራል። ሙሐመድኑር ያላየውን አየሁ ብሎ እንደሆነ ጋሼ ይርዳው በድምፁ ያውቁበታል። ቆይ፣ ምን ላይ ነበር የቆመው ይሉታል። ሣር ላይ ይላል። ምን ዓይነት ሣር? ወዴት ዞሮ? ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ይስቅና ነገ አየዋለሁ ብሎ ይዘጋል።

እነዚያን ጠዋቶች ሳስባቸው ሁሉም አንድ ጠዋት ሆነው ይመጡብኛል። ጉም በመስኮቱ ይገባል። ጋሼ ይርዳው ቆመው፣ በአንድ እጃቸው ነፃውን ጆሯቸውን ደፍነው፣ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ከሽቦው ውስጥ የሙሐመድኑር ድምፅ ይመጣል፤ ሽመላ፣ ወደ ባሮ፣ አርባ። እሳቸው አርባ ሽመላ ብለው ሲደግሙ ፊታቸው ወደ ጣሪያው ቀና ይላል፣ እኔም አብሬ ቀና እላለሁ። በዚያ ጭስ ባጠቆረው ጣሪያ ሥር አርባ ሽመላ ቀስ ብሎ፣ ክንፉን ሳያራግብ ሲያልፍ አይቻለሁ። ያመነኝ ሰው የለም፤ ለሚስቴ ስነግራትም እንቅልፍ አልጠገብክም ነው ያለችኝ።

ከዚያ ጣሊያን መጣ። ጎሬ መግባቱን የነገረን ተድላ ነው። በዚያ ጠዋት የወፍ ስም አልጠራም። እኛን ከሥራ አላስወጡንም፤ ሽቦው በየት በኩል እንደሚሄድ ከእኛ ሌላ የሚያውቅ አልነበራቸውም። የመቱን ስልክ ቤት የተረከበው ካፒቴን ቀጭን፣ ሁልጊዜ የደከመው የሚመስል ሰው ነበር። ስልክ ሲነሣ አቤት እንደማለት ፕሮንቶ በሉ፣ ስትፈትኑም ፕሮንቶ ተባብላችሁ ዝጉ አለን በአስተርጓሚው በኩል። ጋሼ ይርዳው በትሕትና ሰምተው ሲያበቁ፣ ፕሮንቶ ላለ ሰው ሁሉ ፕሮንቶ ብሎ ይመልሳል፤ መስማቱን በምን አውቃለሁ ብለው ጠየቁት። ካፒቴኑ እጁን አወናጭፎ ሄደ። ወፎቹ በዚህ ሁኔታ ቀጠሉ። አስተርጓሚው ግን በየጠዋቱ ሁለተኛውን ማዳመጫ ይዞ ቁጭ እያለ የምንለውን መጻፍ ጀመረ።

እኔ ፈርቼ ነበር። ጋሼ ይቅርብን፣ ፕሮንቶ ብለን እንዝጋ እያልኩ ለመንኳቸው። ሽቦው ታሞ ሳናውቅ ብንቀርስ ይሉኛል፣ የሚያስጨንቃቸው ሌላ ነገር ያለ አይመስልም። ዛሬ ሳስበው ግን ስለ ሽቦው ብቻ አልነበረም። በዚያ ዘመን ሰው ንግግሩን ሁለት ሦስት ጊዜ ሳያጣራ ከአፉ አያወጣም። ጎረቤት ጎረቤቱን ይፈራል፤ የገበያ ሰላምታ እንኳ በጥንቃቄ ነው። አርበኞች ጫካ ገብተዋል፣ ማን ስንቅ እንደሚያቀብላቸው ጣሊያን ያስሳል። እኛ አምስት ስልከኞች ግን በየጠዋቱ አንዲት እውነት እንነጋገር ነበር፤ እርግብ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ላይ፣ አምስት። ያችን እውነት ሳልሰማ የዋልኩ ቀን ሥራው ሁሉ ይከብደኝ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ጥምቀት ካለፈ በኋላ ጋሼ ይርዳው ማርፈድ አመጡ። የካባቸው ጫፍ በጤዛ ርሶ፣ የሣር ዘር ተጣብቆበት ይገባሉ። የት ቆዩ ስላቸው ሶር ወንዝ ዳር ይሉኛል፤ ሌላ አይጨምሩም። እንዲህ አንድ ሳምንት ያህል ሆናቸው። አንድ ጠዋት ፊታቸው በርቶ ገቡ፣ ሰላምታም ሳይሰጡኝ እጀታውን አዞሩ።

«ቡሬ፣ ስማኝ። ሶር ዳር፣ ከድልድዩ በታች፣ የመስቀል ወፍ፣ አሥራ አንድ» አሉ።

ድገም አሉት። በጥር? አለ ሙሐመድኑር። ድገም አሉት እንደገና። ደገመው። አስተርጓሚው ቀና ብሎ ሁለታችንንም አየንና ጻፈ። ጋሼ ይርዳው ምን እንዳገኙ ልጠይቃቸው ፈልጌ ነበር። እሳቸው ግን ልባቸው ሞልቶ ነበር መሰለኝ፣ ቀኑን ሙሉ በመስኮቱ ወደ ውጪ እያዩ ለራሳቸው ፈገግ ሲሉ ዋሉ፤ አልረበሽኳቸውም።

በሦስተኛው ቀን አርበኞች እዚያው ድልድይ አጠገብ አንድ የጣሊያን ካሚዮን አጠቁ፣ ሽቦውንም በጥሰው ሄዱ። ስንት ነበሩ ቢባል አሥር ያለም አሥራ አምስት ያለም አለ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ወታደሮች መጥተው ጋሼ ይርዳውን ከነሰማያዊ ደብተራቸው ወሰዷቸው። ጥቂት ቆይተው እኔንም ጠሩኝ። ስገባ ካፒቴኑ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ነበር። ጋሼ ይርዳው ጥግ ላይ ቆመዋል፣ እንደ ወትሯቸው ቀጥ ብለው። ካፒቴኑ አልጮኸም። ይህ ሰው ወፎቹ እውነተኛ ወፎች ናቸው ይላል አለኝ በአስተርጓሚው በኩል። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ በዚህ አገር በጥር ወር የመስቀል ወፍ አለ ወይ አለኝ።

እሳቸውን መጉዳት አልፈለግሁም። ፈርቼ ነው እንዳልል፣ መልሱን ያመጣው ፍርሃት አልነበረም። ጥያቄው ቀሎብኝ ነው። የመስቀል ወፍ ለመስቀል ይመጣል፣ አደይ አበባው ሲረግፍ ይሄዳል፤ ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም። ወዴት እንደሚሄድ የጠየቀ ባይኖርም መሄዱን ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ሳልዘገይ፣

«የለም» አልኩ።

ጋሼ ይርዳው ቀና ብለው አዩኝ። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም። በመጀመሪያው ቀን ግቢ ውስጥ ሲያቆሙኝ የነበረው አስተያየት ነው። ያኔ ምን እንዳልኩ ገባኝ። አላየሁም ማለት ነበረብኝ። አራት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ያስተማሩኝ ይህችን ነበር፤ ለማንም ስናገር አልሳሳትም፣ ለእሳቸው ሕይወት ስጠየቅ ተሳሳትኩ። ካፒቴኑ ደብተሩን አጠፈውና፣ እንግዲያው ወፍ ከሌለ አሥራ አንዱ ሰዎች ናቸው አለ። አላየሁም ብል ኖሮ ይለቃቸው ነበር ወይ? አላውቅም። ብዙ ሌሊት አስቤበታለሁ፣ አሁንም አላውቅም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ወደ ጅማ በሚሄድ ካሚዮን ላይ ከሌሎች እስረኞች ጋር ጫኗቸው። ካባቸውን ገፈዋቸዋል። ሰው በመንገዱ ዳርና ዳር ቆሞ ያያል። ተጋፍቼ ከካሚዮኑ ጎን ደረስኩ። ይቅር ይበሉኝ ልል ስል ቀደሙኝ። እሳቸው ጎንበስ ብለው፣

«ሐምሌ ላይ ሶር ዳር ውረድ። ልብሳቸው ሳይሞላ እያቸው» አሉኝ።

የማን ልብስ እንደሆነ አልገባኝም። ካሚዮኑ ተነሣ።

ከዚያ ወዲህ ስልክ ቤቱ ፕሮንቶ ብቻ ሆነ። ፕሮንቶ ተባብለን፣ ግማሹን ሰምተን ግማሹን ሳንሰማ እንዘጋለን። ሽቦው በየጊዜው ይታመማል፣ መታመሙን የምናውቀው ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ሙሐመድኑር ተረቡን ተወ። እኔ በጥር ያልኩትን ከማን እንደሰማ አላውቅም፤ መስማቱን ግን ፕሮንቶ ከሚልበት ድምፁ አውቄያለሁ።

ሐምሌ ገባ። ሶር ዳር ሣሩ ቁመቴን አልፎ ነበር። ጠዋት ጠዋት፣ ሥራ ከመግባቴ በፊት፣ ጆንያ ከላዬ ላይ ጣል አድርጌ ከድልድዩ በታች እቀመጣለሁ። ጉሙ ከወንዙ ይነሣል፣ ሣሩ ውስጥ ይገባል፣ ይወጣል። የወንዙ ድምፅ ይሰማል እንጂ ወንዙ አይታይም። አንዳንዴ እኔ ራሴ መኖሬ ያጠራጥረኛል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ያየሁት ድንቢጥ የሚመስሉ ትናንሽ ቡናማ ወፎች ብቻ ነበር፤ ሣሩን ተንጠልጥለው ዘሩን የሚለቅሙ፣ ማንም ሁለተኛ ዞር ብሎ የማያያቸው። እንዲህ ያሉትን በጓሯችን ስንቴ እሽ ብዬ አባርሬአለሁ።

በሦስተኛው ጠዋት አንደኛው ድንቢጥ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። አንገቱ ሥር ቀይ ነበረበት። ትንሽ ናት፣ አሮጌ ልብስ ላይ የተጣፈች ጨርቅ ታክላለች። አጠገቡ ያለው ደግሞ ሆዱ ግማሽ ጠቁሯል፣ ጀርባው ገና ቡናማ ነው። ሌላኛው ጅራቱ ላይ ቀልቷል። ትንፋሼን ይዤ ቆጠርኳቸው፤ ዘጠኝ ነበሩ። ዘጠኙም ልብሳቸውን እየለወጡ ነበር።

የትም አልሄዱም ነበር ለካ። ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ናቸው፤ ቡናማ ለብሰው ከእግራችን ሥር እህል ይለቅማሉ። መስከረም ሲቃረብ ቀዩን ይለብሱና መጡ እንላለን። ያወልቁትና ሄዱ እንላለን። ጋሼ ይርዳው በጥር ያንን ሁሉ ጠዋት ጤዛ ውስጥ ቆመው፣ ያለ ቀዩ ልብሳቸው ለይተዋቸው ነበር። አለቀስኩ። ዝናብ ስለነበር ማልቀሴ ለራሴም አልታወቀኝም ብል ውሸት ይሆናል፤ በደንብ ታውቆኛል።

ከዚያው በቀጥታ ወደ ካፒቴኑ ቢሮ ሄድኩ። የቀድሞው ተቀይሮ ሌላ መጥቷል። አስተርጓሚውን አግኝቼ፣ ተሳስቻለሁ፣ በጥርም የመስቀል ወፍ አለ፣ ለካፒቴኑ ንገርልኝ አልኩት። አዲሱ ካፒቴን ስለ ወፍ የሚያውቀው ነገር እንደሌለ፣ አሁን ቢሰማ እኔንም በሚቀጥለው ካሚዮን እንደሚጭነኝ ቀስ ብሎ ነገረኝና በሩን ዘጋው። ለክፉ አስቦ አይመስለኝም። በጥር አንዲት ቃል ስናገር ሦስት ሰው ሲሰማኝ፣ በሐምሌ ግን የሚሰማኝ አንድም ሰው አጣሁ።

የሚሰማ አንድ ነገር ግን ነበር፤ ሽቦው። በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን ተነሥቼ ቆምኩ። እንደ እሳቸው ብድግ ብዬ ስልክ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። አስተርጓሚው ማዳመጫውን ይዞ ተቀምጧል። ወደ ቡሬ እጀታውን አዞርኩ። ሙሐመድኑር ፕሮንቶ አለ።

«ቡሬ፣ ስማኝ። ሶር ዳር፣ ከድልድዩ በታች፣ የመስቀል ወፍ፣ ዘጠኝ፤ ልብሳቸው ግማሽ» አልኩ።

አስተርጓሚውን በጎን አየሁት፤ ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አስተኝቶ በመስኮት ያያል። ከዚያ ሙሐመድኑር ደገመው። ቦታውን በደንብ ደገመው፣ ወፉን በደንብ ደገመው፣ ዘጠኝ ላይ ሲደርስ ድምፁ ተሰበረ። ለጎሬ ነገርኩ፣ ተድላ ደገመ። ለያዮ ነገርኩ፣ ገለታም በኦሮምኛው ኤዬ፣ እሺ ብሎ ደገመ። ከያዮ ወዲያ ሽቦው ወደ በደሌ ይሄዳል፣ ከበደሌ ወደ ጅማ። ገለታ ወዲያ አሳልፎት እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ያን ቀን ማታ እስኪያስሩኝ ጠበቅሁ፤ ማንም አልመጣም።

ጣሊያን በወጣበት ዓመት፣ አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ስገባ አንድ ጎስቋላ ሰው የስልክ ቤቱ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አየሁ። ከጦርነቱ በኋላ እንዲህ ያለ ሰው በየደጃፉ ነበር። ጢሙ ተላጭቷል፣ ትከሻው የካስማ ያህል ቀጥኗል፣ የለበሰው አቡጀዲ ቀለሙ አይታወቅም። እጁን አልዘረጋልኝም፤ እኔ ግን ሊለምነኝ ነው ብዬ እግዜር ይስጥልን አልኩና አለፍኩት። በሩን ስከፍት ከኋላዬ፣

«ዘጠኝ ብቻ? ሁለቱስ?» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ስልከኛ ሰው ድምፅ አይረሳም። ዞርኩ። ከዚያ ግዙፍ ሰው የቀረው ድምፁ ብቻ ነበር። ፊት ለፊቴ ተቀምጠው አይቻቸው አልፌያለሁ፤ እነዚያን ድንቢጦች እሽ ብዬ እንዳባረርኳቸው ማለት ነው። መሬት ላይ ተደፋሁና ጉልበታቸውን ያዝኩ።

«ሁለቱን አላየኋቸውም፣ ጋሼ» አልኩ።

ሳቁ። ያው ሳቅ ነው፣ የሚያናውጠው ሆድ ብቻ አልነበረውም። አነሡኝና አቧራዬን አራገፉልኝ። ይቅርታዬን እንኳ አስጨርሰው አልሰሙኝም። እኔስ ከዚያች ጥር በፊት ብጠየቅ የለም አልል ነበር እንዴ ነው ያሉኝ። ጅማ እስር ቤት ውሃ የሚያመላልሱበት ግቢ ከስልክ ቤቱ ጋር አጥር ይጋራ ነበር። አንድ የማያውቁት ስልከኛ በአጥሩ በኩል ይርዳው የሚባል ማነው ብሎ ጠራቸው፣ ምን ማለት እንደሆነ ሳይገባው ወሬውን ነገራቸው፤ ሶር ዳር፣ ዘጠኝ፣ ልብሳቸው ግማሽ። ድገም አሉት፤ ደገመ። ሽቦው እስከ ጅማ ጤነኛ መሆኑን ያን ቀን አወቅሁ ብለው አጫወቱኝ። ለራሳቸው ምን እንደተሰማቸው አልነገሩኝም። ከዚያ ደብተር አውጣ አሉኝ። የያዝኩትን አዲስ ደብተር አሳየኋቸው። አነበቡና፣ ሰዓቱን አልጻፍክም ብለው ተቆጡኝ።

ስማቸው ግን በከተማው ሌላ ሆኖ ጠበቃቸው። ጋሼ ይርዳው በወፍ ስም የጣሊያንን ምስጢር ለአርበኞች ሲያቀብሉ የኖሩ ብልህ ሰው ናቸው ተብሎ ተወርቷል። መዝጋቢዎች መጥተው ስማቸው ከአርበኞች ጋር እንዲጻፍ ጠየቋቸው። እኔም በምስክርነት ተጠርቼ ነበር። ክብሩ ለአንድ ሽማግሌ ቀላል ነገር አልነበረም፣ የሚጦራቸው ልጅም አልነበራቸው። እሳቸው ግን ተነሥተው ቆሙ፣ እንደ ስልክ ንግግራቸው፣ አሥራ አንዱ ወፎች ነበሩ፣ አርበኛ ለመባል ወፍ አልሸጥም አሉ። መዝጋቢዎቹ ሽማግሌው እስር ቤት አእምሯቸውን ነክቷቸዋል ብለው አዝነው ሄዱ። እኔ እንደዚያ ቀን የኮራሁበት ቀን የለም።

ከዚያ ቡሬ እህታቸው ዘንድ ገቡ። ዓይናቸው ደክሞ ነበር፤ ሙሐመድኑር ነው በየመስከረሙ ስልክ ቤት እየወሰደ የሚያስደውልላቸው። ማዶ ሆነው እንደቆሙ አውቃለሁ፤ ትንፋሻቸው ከቆመ ሰው ነው የሚመጣው። እኔም እቆማለሁ። ያየሁትን እነግራቸዋለሁ፣ ይደግሙልኛል። የሙሐመድኑር ቦታ ለአሁኗ ልጅ ሲተላለፍም ይህ አልቀረም።

ማረፋቸውን በሰማሁ ማግስት ሶር ዳር ወረድኩ። ጉም ነበር። ሣሩ ላይ ቀዩ እዚህም እዚያም ይበራል፣ ይጠፋል። ብዙ ቆምኩ። ደብተሩን አወጣሁ፣ ሰዓቱን አስቀድሜ ጻፍኩ፣ ከዚያ ሌላውን።

ስልክ ቤት ገብቼ ተነሥቼ ቆምኩና ወደ ቡሬ ደወልኩ። ለልጅቷ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ ሶር ዳር፣ ከድልድዩ በታች፣ የመስቀል ወፍ፣ አሥራ ሰባት፤ ልብሳቸው ሙሉ፤ ጋሼ ይርዳውን አላየሁም አልኳት።

ድገሚው አልኳት። ቃል በቃል ደገመችው።